ነገር በዐይን ይገባል፦ ቃል አልባ ትንኮሳ በሥራ ቦታና የንባባችን ጉድለት

1. መግቢያ

በዚህ መጣጥፍ ከሁሉ አስቀድሜ የምተቸው ጽሑፍ ልቦለድም ግጥምም አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ በመንዝ ደጋ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት በጀማሪ መምህርነት ሳገለግል በገዛ እጄ የጻፍኩት ቃለ ጉባኤ ነው። ርዝመቱ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ሥነ ጽሑፋዊ ዋጋ የለውም ቢባል የሚከራከር አይኖርም። ይሁን እንጂ የአንዲትን ሴት እንጀራ የቆረጠው በውስጡ ያለ አንድ ዐረፍተ ነገር ስለሆነና ዐረፍተ ነገሩም የኔ ስለሆነ፣ የሌሎችን ጽሑፍ ለመተቸት ከመነሣቴ በፊት የራሴን ማስቀደም ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የትምህርት ቤቱ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የሆነች ወጣት በቅርብ አለቃዋ ላይ ቅሬታ አቀረበች። ቅሬታውን የሚሰማ አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተሠየመ። በዕድሜ ከሁሉም ስለማንስና አማርኛ አስተማሪ ስለነበርኩ ጸሐፊ ሆኜ ተመረጥኩ። ሰብሳቢያችን ጋቢያቸውን ደርበው የሚቀመጡ፣ አነጋገር የሚያውቁ፣ ቅኔ የቀመሱ አዛውንት መምህር ነበሩ።

«ልጄ፣ ምን አለሽ?» አሏት።

«ምንም አላለኝም።»

«ነካሽ?»

«አልነካኝም።»

«ታዲያ ምን አደረገሽ?»

«ያየኛል።»

ከኮሚቴው አባላት ሁለቱ ሣቁ። እኔም ሣቄን ለመደበቅ ወደ ወረቀቴ አቀረቀርኩ። ልጅቱ ግን ቀጠለች። ጠዋት ሰላም ስትለው አይመልስም። ስትጽፍ ከወንበሯ ጀርባ መጥቶ ይቆማል፤ ገጹን እስክትጨርስ አይነቃነቅም። ከላይኛው መደርደሪያ ፋይል ለማውረድ መሰላል ስትወጣ ከሥር ሆኖ ይመለከታታል። ወረቀት ልታስፈርም ስትገባ ከእግር እስከ ራሷ ካያት በኋላ ብዕሩን ጠረጴዛ ላይ ትቶ እንደ ቆመች ያቆያታል። ሌላ ሰው ሲገባ ፊቱ ይፈታል፤ ወረቀቱም ወዲያው ይፈረማል። ጠረጴዛዋን ወደ በሩ ካዞረችና በነጠላዋ መሸፋፈን ከጀመረች ወዲህ ደግሞ አስተያየቱ ወደ ግልምጫ ተለወጠ። ፋይል በእጅዋ መስጠት ትቶ ወለል ላይ ይጥልላታል። በስብሰባ ላይ ስትናገር ፊቱን ወደ መስኮት ያዞራል፤ ሌሎችም እሱን አይተው ያዞራሉ።

ሁላችንም እትዬ የምንላቸው የጽዳት ሠራተኛ ለምስክርነት ተጠሩ። «ምን ሰሙ?» ተብለው ተጠየቁ። «የሰማሁት የለም» አሉና ከመቀመጫቸው ተነሡ። ከሰብሳቢው ወንበር ጀርባ ሄደው ቆሙ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ። ከንፈራቸውን ገጥመው ዐይናቸውን ከሰብሳቢው አንገት ላይ ጀምረው ቀስ እያሉ ወደ ታች አወረዱት። ሰብሳቢው ጋቢያቸውን ወደ አንገታቸው ሰበሰቡ። በዚህ ጊዜ የሣቀ ሰው አልነበረም። ከጥቂት ዝምታ በኋላ ሰብሳቢው ወደኔ ዞረው «ይህ አይጻፍም» አሉኝ። እኔም አልጻፍኩትም።

የጻፍኩት ይህንን ነው፦ «አመልካቿ የቅርብ ኀላፊዋ ምንም ቃል እንዳልተናገራት በራሷ አንደበት ስላረጋገጠች፣ ቅሬታዋ መሠረት የሌለው ሆኖ ተገኝቷል።» ሰዋስዉ የተስተካከለ፣ ሥርዐተ ነጥቡ የተሟላ ዐረፍተ ነገር ነው። ልጅቱ በሁለተኛው ወር ሥራዋን ለቀቀች።

የዚህ መጣጥፍ ዓላማ ያ ዐረፍተ ነገር ከየት እንደመጣ መመርመር ነው። ክርክሬ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ቃል አልባ ትንኮሳ የሚሠራው እንደ ቅኔ በሰምና ወርቅ ነው፤ የኛ የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ደግሞ ወርቁን ከቃል ውስጥ ብቻ እንድንፈልግ አሠልጥኖናል። ስለዚህም ወርቅ ፈላጊዎች ሆነን ሳለን፣ ዐይን ሲናገር ሰሙን ብቻ ተቀብለን እንመለሳለን።

2. ቋንቋችን ምን ያውቃል?

በመጀመሪያ መነሣት ያለበት ጥያቄ አማርኛ ለዚህ ነገር ቃል አለው ወይ የሚል ነው። ከበቂ በላይ አለው። ሰው ሌላውን ሰው ያለ ቃል የሚጎዳበትን መንገድ ቋንቋው በዝርዝር ለይቶ ያውቃል። መገላመጥ፣ መገርመም፣ ማፍጠጥ፣ ማጉረጥረጥ፣ በጎሪጥ ማየት፣ ቁልቁል ማየት፣ ፊት ማጥቆር፣ ግንባር መቋጠር፣ ፊት መንሣት፣ ጀርባ መስጠት፣ ከንፈር መንከስ፣ ዐይን መጣል፤ እያንዳንዱ ከሌላው የሚለይበት የራሱ ፍቺ አለው። የሚገላምጥ ሰው ቁጣውን ያሳያል፤ የሚገረምም ሰው ንቀቱን ያክልበታል፤ ፊት የሚነሣ ሰው ግን ምንም አያሳይም። የሚጎዳውም ባለማሳየቱ ነው።

«ጠቀሰ» የሚለውን ግስ ብንመለከት ደግሞ ጉዳዩ ከኛ ሙያ ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ እንረዳለን። ከሌላ ሰው ጽሑፍ ቃል የሚያመጣ ሰው ይጠቅሳል። በዐይኑ ምልክት የሚሰጥ ሰውም ይጠቅሳል። አንዱ ጥቅስ፣ ሌላው ጥቅሻ ይባላል። እኛ ተማሪዎቻችንን የመጀመሪያውን በትእምርተ ጥቅስ መክበብ እናስተምራለን፤ ሁለተኛው የሚከበብበት ሥርዐተ ነጥብ የለንም።

ጉዳቱን የሚገልጽ ቃልም አለ፤ መሸማቀቅ። የተሸማቀቀ ሰው አይጮህም። ትከሻው ይገባል፣ ድምፁ ይቀንሳል፣ መንገዱን ይለውጣል። የዚያች ልጅ ነገር ዛሬ ሳስታውሰው የቃሉ ፍቺ ሆኖ ይታየኛል። ቢሮ ገብቶ ከመጠበቅ በፊት ፋይሎቹን ለማውረድ ከሁሉ ቀድማ በውርጩ ትመጣ ነበር። የሻይ ሰዓት ከሰው ጋር መቀመጥ ተወች። የማትሳሳተው ልጅ የተማሪዎችን ውጤት ስትገለብጥ ቁጥር ትሳሳት ጀመር፤ አለቃዋም ስሕተቷን በጽሑፍ ያሰፍር ጀመር። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ምክንያቱ በዐይን የተፈጸመ ስለሆነ ማስረጃ አልነበረውም። ውጤቱ ግን በወረቀት ላይ ስለሰፈረ ማስረጃ ሆነባት።

ሕዝቡ «ነገር በዐይን ይገባል» ይላል። ነገር የሚለው ቃል ጉዳይም ጠብም ክስም ነው። አባባሉ ጠብ በዐይን እንደሚጀመር ካወቀ፣ ኮሚቴው ግን በዐይን ለገባው ነገር የቃል ማስረጃ ከጠየቀ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት የቋንቋ ድህነት ሊሆን አይችልም። ምክንያቱ ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት።

3. የሚፈራውና የሚከበረው ዐይን

የሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ማለትም ማማ፣ ላሎና ጌራ ምድር ተብሎ ከሦስት የሚከፈለው መንዝ ከግሼና ከመርሐቤቴ ጋር፣ በማኅበራዊ ጥናት ታሪካችን ውስጥ የታወቀ ቦታ ነው። ዶናልድ ሌቪን «ሰምና ወርቅ» የሚለውን እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመ መጽሐፉን ሲያዘጋጅ መንዝ ውስጥ ኖሮ ነው። ሮናልድ ሬሚኒክ ደግሞ በዚያው ደጋ ባካሄደው ጥናት ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1974 በአማራ ሕዝብ ዘንድ ስላለው የቡዳ እምነት ጽፏል። ሁለቱ ጥናቶች ጎን ለጎን ሲነበቡ አንደኛው ስለ ምላስ፣ ሁለተኛው ስለ ዐይን የተጻፉ ይመስላሉ። በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍሎቻችን በሰፊው የሚጠቀሰው ግን የመጀመሪያው ነው።

የደጋው ሰው ዐይን እንደሚያቆስል አልዘነጋም። ሰው ሲበላ በነጠላ ይከልሉታል። ለሕፃን ክታብ ያስሩለታል። ነገር ግን የሚፈራው ዐይን የማን ነበር? የብረት ሠሪው፣ የሸክላ ሠሪዋ፣ የቆዳ ፋቂው፣ ባጠቃላይ ርስት የሌለው የእጅ ባለሙያ ዐይን ነበር። ከታች ወደ ላይ የሚያይ ዐይን «ይበላል» ተብሎ ስም ወጣለት። ከላይ ወደ ታች የሚያየው የጌታ ዐይንስ? እሱም ስም አለው፤ ግርማ ይባላል። «ዐይኑ ያስፈራል» የሚለው አነጋገር ስለ ሸክላ ሠሪዋ ከተነገረ ክስ ነው፤ ስለ ሹሙ ከተነገረ ግን ውዳሴ ነው።

እኔ እንደማምነው የችግራችን ሥር እዚህ ላይ ነው። ባህሉ የዐይንን ጉዳት ያወቀ ቢሆንም ክሱን ያቀናው ወደ ደካማው ነው። ጉልበት ያለው ሰው ሲያፈጥ ጠባዩ ነው፣ ኀላፊነቱ ነው፣ ወንድነቱ ነው ተባለ። ሸክላዋን ገበያ ይዛ የምትቀርብ ሴት ዐይኗን እንድትሰብር ትገደድ ነበር፤ ቀና ብላ ካየች ትጠረጠራለች። የመዝገብ ቤቷ ልጅም በኮሚቴው ፊት ዐይኗን ሰብራ ነበር የቆመችው። አለቃዋ ሲጠራ ግን ሁላችንንም በየተራ እያየ ተናገረ። ከስብሰባው በኋላ ከአባላቱ አንዱ «ሰውዬው ንጹሕ ባይሆን እንዲህ ዐይን ለዐይን አያየንም ነበር» ማለቱን አስታውሳለሁ። በአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል ውስጥ፣ ያው ዐይን የትንኮሳ ማስረጃ መሆን አቅቶት የንጽሕና ማስረጃ ለመሆን በቃ።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ያወጁት የታወቀ ዐዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከልክሏል። ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ የሚጽፈውን፣ የሚያርሰውን በስድብ ስም ማዋረድ ንጉሡን ራሱን እንደ መስደብ እንዲቆጠር አድርጓል። ለዘመኑ ትልቅ እርምጃ ነበር። ይሁን እንጂ ዐዋጁ የተናገረው ስለ ስድብ፣ ስለ አንደበት ነው። «ጠይብ» ማለት ተከለከለ፤ «ጠይብ» ብሎ ማየት ግን አልተከለከለም። በዐዋጅ አፉ የተያዘ ንቀት ዐይን ውስጥ ገብቶ መኖሩን ቀጠለ።

4. የዐይን ሰምና ወርቅ

ወደ ዋናው ክርክር እንለፍ። በሰምና ወርቅ ቅኔ አንድ ቃል ወይም አንድ ሐረግ ሁለት ፍቺ ይሸከማል። ሰሙ ለሁሉም ይታያል። ወርቁ የታለመለት ሰው ልብ ላይ ያርፋል። ቅኔው የተነገረበት ሰው ቢቆጣ ባለቅኔው ሰሙን አሳይቶ ማምለጥ ይችላል፦ «እኔ ያልኩት ይህንን ነው፤ ሌላውን ያመጣኸው አንተ ነህ።» በደጉ ጊዜ ይህ ማምለጫ ደካማው ኀያሉን የሚወጋበት መሣሪያ ነበር። ንጉሥ አይከሰስም በተባለበት አገር ንጉሥን በሰም ሸፍኖ መንካት ይቻል ነበር።

የቢሮው ግልምጫም በዚሁ ዐይነት የተሠራ ነው። ሰሙ «ሥራዋን እየተቆጣጠርኩ ነው» የሚል ነው። አለቃ የበታቹን ከጀርባ ቆሞ ማየቱ፣ ወረቀት ከመፈረሙ በፊት መቆየቱ፣ በስብሰባ ወደ መስኮት መመልከቱ ለየብቻው ሲታይ ምንም አይደለም። ወርቁ «በእጄ ነሽ» የሚል ነው። ይህንንም ከእሷ በቀር ማንም እንዳይፈታው ተደርጎ ተቀምሯል። ተከሳሹ ሲጠየቅ ያቀረበው መልስ የባለቅኔው መልስ ነው፦ «እኔ ያየሁት ሥራዋን ነው፤ ሌላውን ያመጣችው እሷ ናት።» ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው። የቅኔው ሰም ደካማውን ከኀያሉ ይሸሽግ ነበር፤ የቢሮው ሰም ግን ኀያሉን ከደካማዋ አቤቱታ ይሸሽጋል። መሣሪያው ያው ነው፤ የያዘው እጅ ተለውጧል።

ሰብሳቢያችን ቅኔ ያውቁ ነበር ብያለሁ። አንዲት መወድስ ቢቀርብላቸው ሰሙን ገፈው ወርቁን እስኪያገኙ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። እትዬ በአካላቸው የተቀኙትን ቅኔ ግን በሁለት ቃል ከዶሴ አስወጡት። ጋቢያቸውን ወደ አንገታቸው ሲሰበስቡ ወርቁ እንደገባቸው አይቻለሁ። የገባቸውን ነገር የሚያሰፍሩበት ቦታ ግን አላገኙለትም። ሰነዱ ራሱ ስሙ ቃለ ጉባኤ ነውና። የሸንጎ ባህላችን በበላ ልበልሃ ክርክር፣ በተጠየቅ፣ በቃል ምላሽ የተገነባ ነው። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» እንላለን። ካልተነገረው ነገር ግን ማን ይፍረድ?

5. በልቦለድና በተውኔት

ሥነ ጽሑፋችን በዚህ ረገድ ምን አስተማረን? መልሱ ሁለት ገጽታ አለው።

በአንድ በኩል፣ የኀያልን ዐይን ክብደት ጸሐፍቶቻችን ያውቁታል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የፊታውራሪ መሸሻ ቤት መኖሪያ ብቻ ሳይሆን የሥራ ቦታም መሆኑን ብዙ ጊዜ እንዘነጋለን። አሽከሮች፣ ገረዶች፣ መልእክተኞች ይሠሩበታል። በዛብህም ወደዚያ ቤት የገባው ለሰብለ ወንጌል ትምህርት ሊሰጥ፣ ማለትም ሊሠራ ነው። በዕውቀቱ መምህር፣ በትውልዱ ግን የገበሬ ልጅ በመሆኑ፣ በዚያ ቤት ውስጥ የት መቆምና ወዴት ማየት እንዳለበት ሁልጊዜ መጠንቀቅ የሚገባው ሠራተኛ ነው። ጉዱ ካሣም ቢሆን «ጉዱ» የሚለውን ቅጽል ያገኘው ሰው ሁሉ እንደ እብድ ስለሚያየው ነው፤ ቅጽሉ የዚያ አስተያየት ፍሬ ነው። ይሁን እንጂ ሐዲስ በረጅም ንግግርና ክርክር የሚያምኑ ደራሲ ናቸው። በገጸ ባሕርያቱ ልብ ያለው ነገር ዞሮ ዞሮ ወደ ቃል ይመጣል። ተራኪው ወይም ገጸ ባሕርዩ ዐይንን በቃል ይተረጉምልናል። አንባቢ ወርቁን ለብቻው እንዲፈታ የሚተውበት ጊዜ ጥቂት ነው።

መንግሥቱ ለማ «ያላቻ ጋብቻ» በተሰኘው ተውኔቱ የተማረው ባሕሩና የቤት ሠራተኛው በለጤ የሚጋቡበትን ታሪክ አቅርቧል። ተውኔቱን የሚያዘጋጅ ሰው ከመድረክ ላይ ሊሸሸው የማይችለው ጥያቄ አለ። በለጤ በቆመችበት ሰዓት ባለዘር ነን የሚሉት እንግዶች እንዴት ያዩዋታል? የታተመው ጽሑፍ የሚሰጠን በዋናው ምልልሱን ነው። የክፍል ልዩነቱ ግን ከምልልሱ ይልቅ በአቋቋም፣ በአቀማመጥ፣ ማን ተነሥቶ ለማን ቦታ በመልቀቁ ይነገራል። ተውኔቱን በክፍል ውስጥ እያስነበብን ሳናስተውን ስናስተምር የምናጣው ይህንን ነው። እኔ ራሴ ለብዙ ዓመታት ያስተማርኩት በዚህ መንገድ ነው።

የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» (1975 ዓ.ም.) ደግሞ ሌላ መንገድ ያሳያል። ተራኪው ፀጋዬ ኀይለ ማርያም በዘመቻው የፕሮፓጋንዳ ሥራ ላይ የተመደበ ሠራተኛ ነው፤ የሚተርከውም በአንደኛ መደብ ነው። አንደኛ መደብ ትረካ በሥልጣን መካከል ለሚሠራ ሰው የሚስማማ ስልት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ኑሮው የተመሠረተው የበላዮቹን ፊት በማንበብ ላይ ነውና። ሰዎች ከሚናገሩት በተጨማሪ ሲናገሩ የሚያሳዩትን መልክ መመልከት የተራኪው ልማድ ሆኖ እናገኘዋለን።

በሌላ በኩል ግን ልንሸሽገው የማይገባ ነገር አለ። በልቦለዶቻችን ውስጥ ሴት ገጸ ባሕርይ አብዛኛውን ጊዜ የምትገባው በወንድ ዐይን ነው። ወንዱ ያያታል፤ ተራኪው ከጠጉሯ እስከ ተረከዟ ይዘረዝራታል። «ዐይኑን ጣለባት» ከተባለ አንባቢ የፍቅር ታሪክ ይጠብቃል። እኛም መምህራኑ «የገጸ ባሕርይ አሳሳል» በሚል ርዕስ ይህንኑ የመልክ ገለጻ እንደ ጥሩ ምሳሌ እናቀርባለን። እኔ ያንን ቃለ ጉባኤ በጻፍኩበት ዓመት ለዐሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼ «በመንገድ ያያችኋትን አንዲት ቆንጆ ልጅ ግለጹ» የሚል የድርሰት ርዕስ ሰጥቼ ነበር። ሴቶቹ ተማሪዎች ምን እንደሚጽፉ አላሰብኩበትም። «በመንገድ ሲያዩሽ ምን ተሰማሽ?» ብዬ አልጠየቅኩም። በማስተምርባቸው ሥራዎች ውስጥ አንዲት ሴት በሥራ ገበታዋ ላይ ሆና በዐይን ስትከበብ ከውስጧ የሚያሳይ፣ የምትታየዋን ሳይሆን የሚያየውን የሚገልጽ ምዕራፍ እምብዛም አላገኘሁም። ልጅቱ «ያየኛል» ስትል ሁለቱ አባላት የሣቁት ክፋት ስለነበራቸው ብቻ አይመስለኝም። ያነበቧቸው መጻሕፍት ሁሉ መታየት ለሴት ምስጋና መሆኑን ነግረዋቸው ስለነበር ነው።

6. ማንበብ ይቻላል ወይ?

እዚህ ላይ ተገቢ የሆነ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የደጋ ሰው ፊቱ ኮስታራ ነው፤ ብርዱም ኑሮውም እንዲህ አድርጎታል። ያየ ሁሉ፣ ያኮረፈ ሁሉ፣ ሰላምታ የነፈገ ሁሉ ትንኮሳ ፈጽሟል ከተባለ በቢሮ ውስጥ መተንፈስ አይቻልም። ሐሰተኛ ክስስ ቢመጣ?

ተቃውሞው መልስ ይገባዋል፤ መልሱም ከሙያችን ውጭ አይደለም። አንድ ስንኝ ኅብር አለው ብለን የምንፈርደው ስለመሰለን አይደለም። ዐውዱን፣ ድግግሞሹን፣ የተነገረበትን ሰውና ጊዜ መርምረን ነው። ለዐይንም ይኸው መመዘኛ ሊሠራ ይችላል። አንደኛ፣ አስተያየቱ አንድ ጊዜ ነው ወይስ ይደጋገማል? ሁለተኛ፣ ለሁሉም ነው ወይስ ለአንዲት ሠራተኛ ብቻ? ሦስተኛ፣ ሌላ ሰው ሲገባ ይለወጣል? ኮስታራነት ጠባይ ቢሆን ኖሮ እንግዳ ሲገባ ባልተፈታ ነበር። አራተኛ፣ ያየው ሰው በታየችው ላይ የመፈረም፣ የማዛወር፣ የመገምገም ሥልጣን አለው? አምስተኛ፣ የታየችው ሠራተኛ አዋዋል፣ አቀማመጥ፣ የሥራ ጥራት ከመቼ ጀምሮ ተለወጠ? እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ለዚያ ጉዳይ ባቀርብ ኖሮ አምስቱም መልስ ያገኙ ነበር። እኛ ግን የጠየቅነው ሁለት ብቻ ነው፤ ምን አለሽ፣ ነካሽ?

ሕጉ ከኛ ቀድሞ መራመዱን መመስከር ያስፈልጋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156 ለወሲባዊ ትንኮሳ ትርጓሜ ሲሰጥ ንግግርን ብቻ ሳይሆን ምልክትንና ሌላውንም መንገድ አካትቷል። በዚህ የተጠቃ ሠራተኛም ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን እንዲለቅ በቂ ምክንያት አድርጎ ተቀብሎታል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ዐዋጅ ቁጥር 1064ም ተጠቂን መከተልንና መንገድ መዝጋትን ከትንኮሳ ቈጥሮ ነበር፤ ሁለቱም ያለ አንዲት ቃል የሚፈጸሙ ናቸው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያጸደቀው ቁጥር 190 ስምምነት ደግሞ በአካልና በኢኮኖሚ ላይ ከሚደርሰው ጉዳት ጋር የሥነ ልቡናን ጉዳት ጨምሮ ይመለከታል።

ሆኖም ሕግ «ምልክት» ብሎ ቢጽፍም ምልክቱን አይቶ ወደ ጽሑፍ የሚያመጣው ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሰው በየወረዳው፣ በየትምህርት ቤቱ በኮሚቴ ጸሐፊነት የሚቀመጠው የኛ ምሩቅ ነው። «አማርኛ ያውቃል» ተብሎ ብዕር የሚሰጠው እሱ ነው። እጅ ሲሠራ፣ ዐይን ሲወርድ፣ ወንበር ሲዞር ማየትንና ያየውን ያለ ማጋነን መጻፍን ካላስተማርነው፣ ዐዋጁ ውስጥ ያለችው «ምልክት» የምትለው ቃል ሰም ብቻ ሆና ትቀራለች።

7. መደምደሚያ

ከላይ ለማሳየት እንደሞከርኩት፣ ቃል አልባ ትንኮሳን እንዳናይ ያደረገን የቋንቋችን ድህነት አይደለም። የደካማውን ዐይን ከስሰን የኀያሉን ዐይን ግርማ ማለታችን፣ ቅኔን ከቃል ውጭ ለማንበብ አለመሠልጠናችን፣ ሴትን በመታየት ብቻ የሚገልጸውን አጻጻፍ ያለ ጥያቄ ማስተማራችን ነው። ይህ የትምህርት ጉዳይ ስለሆነ በትምህርት ሊቃና ይችላል። በበኩሌ ተማሪዎቼን ከየትውልድ ቀያቸው የዐይንና የፊት ግሶችን ከነአገባባቸው ሰብስበው እንዲመጡ ማዘዝ ጀምሬያለሁ። ተውኔት ስናነብም አንድ ትዕይንት ያለ ድምፅ፣ በአካል ብቻ እንዲያሳዩ አደርጋለሁ። የቀሩት ተማሪዎች ያዩትን ይጽፋሉ፤ ከዚያ የጻፉት ይነጻጸራል። መጀመሪያ ላይ አንዱ ከሌላው የማይገናኝ ነገር ይጽፋል። ከሦስት አራት ሳምንት በኋላ ግን የሚያዩት እየተቀራረበ ይመጣል። በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ የቅሬታ ቃለ ጉባኤዎችም እንደ አንድ የጽሑፍ ዘርፍ ተወስደው ሰፊ ጥናት ሊደረግባቸው ይገባል።

ልጅቱን ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ፣ አክስቷ ዘንድ መውረዷን ሰምቻለሁ። ቃለ ጉባኤው በዶሴው ውስጥ አለ ወይም ምስጥ በልቶታል። የትም ቢሆን ላርመው አልችልም። እንደ ጽሑፍ ተቺ ግን ምን መባል እንደነበረበት መጻፍ እችላለሁና እነሆ፦ «አመልካቿ የቅርብ ኀላፊዋ ምንም ቃል እንዳልተናገራት፣ ነገር ግን ብቻዋን ስትሆን ከጀርባዋ እየቆመ እንደሚያያትና ሰው ሲገባ እንደሚተው ገልጻለች። ምስክሯ አስተያየቱን በአካል አሳይተዋል። ይህ ሲታይ ሰብሳቢው ልብሳቸውን ወደ አንገታቸው ሰብስበዋል። ጸሐፊውም አይቷል።»